የአበባ ጠብታና የማረጥ ዘመን
ለአስመጪ፣ ለላኪና ለባለሱቅ የሚጠቅም ጉዳይ

በቋንቋችን ሴት በየወሩ የምታየው «የወር አበባ» ይባላል። አባቶችና እናቶች ይህን ስም ሲያወጡ አበባ ሳይታይ ፍሬ እንደማይገኝ አስበው ይሆናል። ያ አበባ የሚቆምበት ዘመን ሲመጣ ግን «አረጠች» ከሚለው አንድ ቃል በስተቀር ብዙ የሚነገር ነገር የለም። ባል አይጠይቅም፣ ሚስትም አትናገርም፤ ልጆችም «እናታችን ዛሬ ምን ሆኑ?» ተባብለው ያልፉታል። ነጋዴ ግን በቤት ውስጥ የማይነገረውን ነገር ማወቅ ግድ ይሆንበታል፤ ሰው በአደባባይ ያልተናገረውን ችግር በከረጢቱ ይዞ ወደ ሱቅ ይመጣልና።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የሚገኙ፣ አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች ናቸው። ከ2015 ዓ. ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። የሱሉልታ ሜዳ በወተቱና በድርቆሹ፣ ቡራዩ በገፈርሳ ውሃው፣ ሰበታም በፋብሪካዎቹና በአካባቢው ባሉት የአበባ እርሻዎች ይታወቃሉ። በነዚህ ከተሞች ገበያ እህሉን የምትሰፍር፣ ቅቤውን የምትመዝን፣ የሱቁንም ሒሳብ የምትይዝ ብዙ ጊዜ ሴት ናት። ስለዚህ የሴቲቱ ጤና የቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የንግድም ጉዳይ ነው።

አንዲት ወይዘሮን ለምሳሌ እንውሰድ። ዕድሜያቸው 49 ዓመት ሲሆን በሰበታ የእህል መደብር አላቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጤፍ ሲገዙና ሲሸጡ ሒሳብ ተሳስተው አያውቁም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ሌሊት በላብ ተነክረው ይነቃሉ፤ ቀን በደንበኛ ፊት ድንገት ፊታቸው ይግላል፤ ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ፤ ለብዙ ዘመን ያገለገላቸውን ተሸካሚ በትንሽ ነገር ይቆጣሉ። አንድ ቀን ሦስት ኩንታል ጤፍ ሳይመዘግቡ ሸጡ። ጎረቤት «ምች ነው» አለ፤ ሌላው «ዓይን ነው» አለ። እርሳቸው ግን በልባቸው «አእምሮዬን ልስት ነው» ብለው ፈሩ፤ መደብሩንም በርካሽ ለመሸጥ አሰቡ። በዚህ ጊዜ በውጭ አገር የምትኖር ልጃቸው አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ላከችላቸው፤ በላይዋም የአበባ ሥዕል ነበረባት። ወይዘሮዋ ብልቃጧን ይዘው ወደ መድኃኒት መደብር ሄዱና «ልጄ፣ ይህ ነገር ምንድን ነው? ይጠቅመኝ ይሆን?» ብለው ጠየቁ።

ይህ ጥያቄ በየመደብሩ ሊመጣ የሚችል ነው። መልሱን ማወቅ ለሻጩም ለገዢውም ይበጃል።

ማረጥ ምንድን ነው?

ማረጥ በሽታ አይደለም። የሴት የእንቁላል ዕጢ ሥራውን እየቀነሰ ሲሄድ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያንሳል፤ በመጨረሻም የወር አበባ ይቆማል። አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ሳይታይ ሲቀር ሴቲቱ አርጣለች ይባላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ይህ ለአብዛኞቹ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ መካከል ይሆናል። ይሁን እንጂ መዛባቱ ከመቆሙ ከጥቂት ዓመታት በፊት ይጀምራል፤ ከቆመም በኋላ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፤ ይኸውም ድንገተኛ ሙቀት፣ የሌሊት ላብ፣ የልብ መምታት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የሐሳብ መበታተን፣ ብስጭትና ኀዘን ናቸው። ሁሉም በአንዲት ሴት ላይ አይደርስም፤ አንዳንዷ ምንም ሳይሰማት ታልፋለች። ነገር ግን ሌሊት አምስት ጊዜ የነቃ ሰው ቀን በሒሳብ ቢሳሳት የሚያስደንቅ አይደለም። የእህል ነጋዴዋ ወይዘሮ እንደ ፈሩት ዕብደት አልነበረም፤ የብዙ ሌሊት እንቅልፍ ዕዳ ነበር። መደብር የመሸጥን ያህል ትልቅ ውሳኔ በእንዲህ ያለ ጊዜ መወሰን ጉዳት እንዳለው ነጋዴ ሁሉ ይረዳዋል።

ጠብታው ከየት መጣ?

በብልቃጧ ውስጥ ያለው «የአበባ ጠብታ» የሚባለው ሲሆን የጀመረው ኤድዋርድ ባች የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ይህ ሰው እ. ኤ. አ. በ1886 ተወልዶ በ1936 ሞተ። በሎንዶን ሲሠራ ከቆየ በኋላ በ1930 ከተማውን ትቶ ወደ ገጠር ወጣ፤ በዚያም ለእያንዳንዱ የልብ ሁኔታ አንድ አበባ እንዳለ በማመን 38 ዓይነት ጠብታዎችን አዘጋጀ። ከነዚህ አንዱ ከምንጭ ውሃ ብቻ የተሠራ ሲሆን የቀሩት ከዕፅዋት የተወሰዱ ናቸው። ለፍርሃት አንድ፣ ለተስፋ መቁረጥ አንድ፣ ምክንያቱ ለማይታወቅ ኀዘን አንድ፣ እንዲሁም ከአንድ የሕይወት ዘመን ወደ ሌላ ለሚሻገር ሰው አንድ አለ። ለማረጥ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚመከረው ይህ የመጨረሻው፣ ከዎልነት ዛፍ የሚወሰደው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አበባው በመስተዋት ሳህን በምንጭ ውሃ ላይ ተንሳፎ ሦስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይመታዋል፤ ወይም ግማሽ ሰዓት ይቀቀላል። ከዚያም አበባው ተጥሎ ውሃው ከእኩል ብራንዲ ጋር ይደባለቃል። ከዚህ ድብልቅ 2 ጠብታ ተወስዶ በ30 ሚሊ ሊትር ብራንዲ ውስጥ ይገባል፤ በሱቅ የሚሸጠው ይህ ነው። ገዢውም ከርሱ 2 ጠብታ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምሮ ይጠጣል።

ነጋዴ ሒሳብ ይወዳልና እናስላው። በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ አለ ብንል 30 ሚሊ ሊትር 600 ጠብታ ነው፤ ስለዚህ በሱቅ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ከ300 አንድ እጅ ነው። ባለ 200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ደግሞ 4,000 ጠብታ ይይዛል፤ 2 ጠብታ ቢጨመርበት ከ2,000 አንድ እጅ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ ሲባዙ ጠጪው የሚያገኘው የመጀመሪያውን ድብልቅ ከ600,000 አንድ እጅ ነው፤ የመጀመሪያውም ድብልቅ ራሱ አበባው የተነከረበት ውሃና ብራንዲ ብቻ ነበር። ባች ራሱ የሚሠራው የአበባው ኃይል እንጂ ቅመሙ አይደለም ይል ስለ ነበር ይህን ሒሳብ አይክደውም። ነገር ግን ያንን ኃይል የመዘነ ሚዛን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ስማቸው የሚመሳሰል ሦስት ዕቃዎች

በገበያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሦስት ዕቃዎች አሉ፤ ባለሱቅ ለይቶ ሊያውቃቸው ይገባል።

አንደኛው ከላይ የተነገረው የአበባ ጠብታ ነው። ሽታ የለውም፤ የሚሸተው ብራንዲው ብቻ ነው። ሁለተኛው የአበባ ወይም የቅጠል ዘይት ነው። ይህ በእንፋሎት ተነጥሮ የሚወጣ፣ ሽታው የበረታና ኃይለኛ ነው፤ እንደ ባሕር ዛፍ፣ እንደ ጠጅ ሣርና እንደ ላቬንደር ዘይት ያለው ከዚህ ወገን ነው። ጥቂቱ በክፍል ውስጥ ቢሸተት ወይም በሌላ ዘይት ቀጥኖ ገላን ቢታሹበት ደስ ያሰኛል፤ ቢጠጣ ግን ሊመርዝ ይችላል፤ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ሦስተኛው የጽጌ ረዳ ውሃን የመሰለው፣ ዘይቱ ሲነጠር አብሮ የሚገኘው መዓዛማ ውሃ ነው።

የመጀመሪያውን የለመደ ደንበኛ ሁለተኛውን በስሕተት ገዝቶ ቢጠጣ ጉዳቱ የከፋ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ አጠገብ ለአጠገብ ማኖር አይገባም።

ይፈውሳልን?

ስለ አበባ መድኃኒት ስንነጋገር አገራችን እንግዳ አይደለችም። የኮሶ ዛፍ ሴቴ አበባ ለብዙ መቶ ዓመታት የኮሶ ትል ማስወጫ ሆኖ ኖሯል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ተቀብለውት በእንግሊዝ የመድኃኒት መጽሐፍ ሳይቀር ገብቶ ነበር። የጠጣው ሁሉ መሥራቱን በዚያው ቀን ያውቀዋል። ነገር ግን የሚሠራ ነገር ሲበዛ ይጎዳል፤ ኮሶ አብዝቶ የጠጣ ሰው እስከ ሞት የሚያደርስ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። በዚህም ምክንያት ዛሬ መጠኑ የታወቀ ኪኒን ቦታውን ወስዷል።

የባች ጠብታ በተቃራኒው ነው። አብዝቶ ቢጠጣም ከአልኮሉ በቀር የሚጎዳ ነገር የለውም። ይህ በሻጮች ዘንድ እንደ ምስጋና ይቆጠራል፤ ነገር ግን ምንም የማይጎዳው ምንም ስለሌለበት እንዳይሆን መጠየቅ ተገቢ ነው። ኤድዛርድ ኤርንስት የተባሉ፣ በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩ ሐኪም እ. ኤ. አ. በ2010 ስለ ጠብታው የተደረጉትን ፈተናዎች ሰብስበው መረመሩ። አንዳንዱ ሰው እውነተኛውን ጠብታ፣ ሌላው ተመሳሳይ ባዶ ጠብታ ሳያውቅ በሚወስድባቸው ፈተናዎች ሁሉ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም።

ታዲያ ብዙ ሴቶች «ተሻለኝ» የሚሉት ሐሰት ተናግረው ነውን? አይደለም። የማረጥ ሙቀት በራሱ ጊዜ የሚመጣና የሚሄድ ነው፤ ባዶ ኪኒን በተሰጣቸው ሴቶችም ላይ ሙቀቱ በግልጽ እንደሚቀንስ በብዙ የመድኃኒት ፈተናዎች ታይቷል። ከዚህም በላይ ጠብታውን የሚያዝዘው ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ «ምን ይሰማሻል? ምን ያስፈራሻል?» ብሎ ይጠይቃል። ለዓመታት ማንም ያልጠየቃት ሴት ስትጠየቅ ከልቧ ሸክም ይወርድላታል። መፍትሔው ያለው በብልቃጡ ውስጥ ሳይሆን በጥያቄው ውስጥ ነው።

የዚህ ዓይነቱ መጽናኛ በአገራችን ያለ ዋጋ ይገኛል። ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ ከአቦሉ እስከ በረካው ድረስ የሚወራው ወሬ ለብዙ ሴት ሐኪም ሆኖ ኖሯል። በዚያ ስብሰባ ስለ ማረጥ በግልጽ ቢነገር ታናሾቹ ከታላላቆቹ ይማሩ ነበር። ነገር ግን እንቅልፍ ያጣች ሴት የማታውን ቡና ብትተው ይሻላታል፤ ትኩስ መጠጥና ቡና በአንዳንዶች ላይ ሙቀቱን ይቀሰቅሳሉና።

የሰበታ ጽጌ ረዳ ለዚህ ይሆናልን?

አንዳንድ ነጋዴ «አበባው ከደጃችን እያለ ጠብታውን ከውጭ ስለ ምን እናስመጣለን?» ሊል ይችላል። ሐሳቡ የአገር ወዳድ ነው፤ ነገር ግን መጠንቀቅ ያሻል።

በሰበታና በተፍኪ፣ ከቡራዩም አልፎ በመናገሻና በሆለታ በላስቲክ ቤት የሚበቅለው ጽጌ ረዳ ለውጭ ገበያ፣ በተለይም ለሆላንድ የሚላክ ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ንግድ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ እስከ መሆን ደርሳለች፤ የአምራችና ላኪዎች ማኅበርም እ. ኤ. አ. በ2002 ተቋቁሟል። በእርሻዎቹ ከሚሠሩት የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ይህ አበባ ግን የሚመረጠው በግንዱ ርዝመትና በማሰሮ ውስጥ ሳይጠወልግ በሚቆይበት ቀን ብዛት ነው። ሽታው ጥቂት ነው፤ ዘይቱም አነስተኛ ነው። ከሁሉ በላይ ለዓይን እንጂ ለአፍ ተብሎ የሚያድግ ስላልሆነ የተባይና የሻጋታ ማጥፊያ ይረጭበታል። ስለዚህ ከእርሻ የተጣለውን የጽጌ ረዳ ቅጠል ለቅሞ በውሃ ነክሮ የሚጠጣ ነገር ማዘጋጀት ፈጽሞ አይገባም።

የጽጌ ረዳ ዘይት የሚወጣው በቡልጋርያና በቱርክ ከሚበቅለው ሽታው ከበረታው ልዩ ዘር ነው። ለዚያም አንድ ኪሎ ዘይት ለማግኘት ከ3,000 ኪሎ በላይ አበባ ያስፈልጋል። ይህን ለመጀመር የሚያስብ ላኪ ዘሩን፣ መሬቱንና የማንጠሪያውን ዋጋ አስቀድሞ ያስላ። በአገራችን የሚገኙት ጠጅ ሣር፣ ጦስኝ፣ ኮሰረትና በእንጦጦና በሱሉልታ ተራራ የሞላው ባሕር ዛፍ ለዘይት የሚሆኑ ናቸው፤ የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማእከልም በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ሲሠራ የቆየ ተቋም ነው። ዕውቀት ለሚፈልግ ላኪ በሩ ይህ ነው።

ለአስመጪ የሚነገር

ጠብታውን ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ አስቀድሞ «ዕቃው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። በጉምሩክ ታሪፍ መድኃኒት በ30.04፣ የዕፅዋት ዘይት በ33.01፣ የአልኮል መጠጥ በ22.08 ይመደባሉ፤ የሚከፈለውም ቀረጥ አንድ አይደለም። በብራንዲ የተሠራው ጠብታ 27 በመቶ ያህል አልኮል ሊኖርበት ይችላል። ይህ ለጉምሩክ ብቻ ሳይሆን አልኮል በሃይማኖቱ ወይም በሐኪም ትእዛዝ ለተከለከለ ደንበኛም መነገር ያለበት ነገር ነው። በግሊሰሪን የተሠራ አልኮል የሌለበትም ዓይነት አለ።

ጥያቄው በአውሮፓም አከራክሯል። በጀርመን ጠብታው ቀድሞ በመድኃኒትነት ይሸጥ ነበር፤ እ. ኤ. አ. በ2008 የሀምቡርግ ፍርድ ቤት መድኃኒት ሳይሆን ምግብ ነው ብሎ ፈረደ። የአውሮፓ ሕግ ደግሞ ከ1.2 በመቶ የበለጠ አልኮል ያለበት መጠጥ «ለጤና ይጠቅማል» ተብሎ እንዳይሸጥ ስለሚከለክል ክርክሩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል።

በአገራችን ምግብ፣ መድኃኒትና የውበት መጠበቂያ የሚገዛው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲሆን አስፈጻሚው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በብልቃጡ ላይ «ያድናል»፣ «ይፈውሳል» የሚል ቃል ካለ ዕቃው እንደ መድኃኒት ይጠየቃል። ስለዚህ አስመጪው ገንዘቡን ለውጭ አገር አቅራቢ ከመላኩ በፊት ከባለሥልጣኑ ዘንድ በጽሑፍ ይጠይቅ። ዕቃው ከገባ በኋላ መጠየቅ ኪሣራ ነው።

ለባለሱቅ የሚነገር

ወደ ወይዘሮዋ እንመለስ። በመድኃኒት መደብሩ ውስጥ ያለው ወጣት ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው «አዎን፣ ጥሩ ነው፤ ከዚህም ሌላ ሦስት ብልቃጥ ይግዙ» ማለት ነው። ሁለተኛው እውነቱን መናገር ነው። የታመነ ባለሱቅ ሁለተኛውን ይመርጣል። እንዲህም ይላል፦ «እትዬ፣ ይህ ጠብታ አይጎዳዎትም፤ ልጅዎ ስላሰበችዎት ደስ ይበልዎ። ነገር ግን መድኃኒት ነው ብዬ አልነግርዎትም። የሚሰማዎት ነገር ስም አለው፤ ብዙ ሴት ያልፍበታል፤ የሚረዳም ሕክምና አለ። ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ።»

ይህን ማለት ስለ ምን ይበጃል? አንደኛ፣ ሙቀቱ፣ የልብ መምታቱና ብስጭቱ ሁሉ ከማረጥ ብቻ የሚመጣ አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲበዛ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፤ የደም ማነስም እንዲሁ ያደክማል። እነዚህን የሚለየው የሐኪም ምርመራ ነው። ሁለተኛ፣ አንዲት ሴት ካረጠች በኋላ እንደ ገና ደም ብታይ የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳትውል ሳታድር መታየት አለባት። በጠብታ ስትጽናና የምትቆይበት እያንዳንዱ ወር የሕይወት ወር ነው። ሦስተኛ፣ ኀዘኑ የበረታ፣ መብላትና መሥራት የከለከለ፣ ወይም ሞትን የሚያስመኝ ቢሆን የአእምሮ ሐኪም የሚያክመው ሕመም ነው፤ ለዚህም በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ።

ለማረጥ ዘመን ችግር የታወቀው ብርቱ ሕክምና የጎደለውን ሆርሞን መተካት ነው። ይህ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ላገኛት ሴት ብዙ ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥም መግዛትም አይገባም። በእንግሊዝ አገር እ. ኤ. አ. በ2015 የወጣው የሐኪሞች መመሪያ ከማረጥ ለሚመጣ የልብ መጨፍገግ ከሆርሞኑ ሌላ ሐሳብንና ልማድን በማስተካከል የሚደረገውን የምክክር ሕክምና ይመክራል። ቀላል የጥጥ ልብስ፣ ነፋስ የሚገባበት መኝታ ቤት፣ የእግር ጉዞና የአልኮል መጠን መቀነስም ይረዳሉ።

ባለሱቁ በዚያ ቀን ምናልባት ምንም አልሸጠም። ወይዘሮዋ ግን ብልቃጧን በከረጢታቸው መልሰው፣ ልባቸው ተረጋግቶ፣ መደብራቸውንም የመሸጡን ሐሳብ ለጊዜው አቆይተው ወጡ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እርሳቸው ግን ለአንድ ሰው ተናገሩ፣ ያም ሰው አላታለላቸውም። የራስ ምታት ኪኒን ሲፈልጉ፣ ለልጅ ልጃቸው ሳል መድኃኒት ሲሹ፣ ለጎረቤታቸውም ሱቅ ሲጠቁሙ ወደዚያው መደብር እንደሚመለሱ የታወቀ ነው። አንድ ብልቃጥ የሚያስገኘው ትርፍ በአንድ ቀን ያልቃል፤ እንዲህ ያለ ደንበኛ ግን ለባለሱቅ የዘመን ሀብት ነው።